በማስታወሻ ደብተር የቀረ ተግሣጽ

ዛሬ ስለ መርከበኞች እንነጋገራለን። ነገሩ ከአገራችንም ከዘመናችንም የራቀ ነው፤ ቦታው የፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ ዘመኑ 18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰዎቹ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖች ናቸው። (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው ግን ቅርብ ነው። በየአጥቢያችን፣ በየሽማግሌዎች ስብሰባችን የሚነሣ፣ ብዙ ጊዜም ሊነሣ ሲገባው የማይነሣ ጥያቄ ነው፦ መሪው ከመንገድ ፈቀቅ ሲል፣ ከእርሱ ቀጥሎ የቆመው ሰው ምን ያድርግ?

አቋማችንን ሳንደብቅ አስቀድመን እንናገር። ያየውን ጥፋት ለመሪው ፊት ለፊት የማይናገር ረዳት መሪውንም መንጋውንም ይጎዳል ብለን እናምናለን። ለዚህም ከቅዱሳት መጻሕፍት ሌላ፣ በጀምስ ኩክ መርከቦች ላይ ያገለገሉ ጥቂት መኮንኖችን በምስክርነት እንጠራለን።

ኩክን ብዙዎች በስም ያውቁታል። ለወንጌላውያን አማኞች ደግሞ ታሪኩ ባዕድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጫማ ሰፊ የነበረው ዊልያም ኬሪ ስለ ሩቅ አሕዛብ መዳን ማሰብ የጀመረው የኩክን የጉዞ መጻሕፍት ሲያነብብ ነበር። በገዛ እጁ የሠራውን የዓለም ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይጸልይ ነበር፤ በ1792 ስለ ተልእኮ የሚናገር ጽሑፉን አሳተመ፤ በ1793 ወደ ህንድ ሄደ። በ1797 ዳፍ የተባለችው መርከብ የመጀመሪያዎቹን የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ወደ ታሂቲ ስታደርስ የቆመችው እነዚያ መኮንኖች በለኩትና በካርታ ባስቀመጡት በማታቫይ የባሕር ወሽመጥ ነው። ስለዚህ የወንጌል ተልእኮ ታሪካችን ከእነርሱ ጉዞ ጋር ይያያዛል፤ ከመልካሙም ከክፉውም።

መልካም መሪ ነበር

ኩክ የተወለደው በ1728 ከድኻ የእርሻ ሠራተኛ ቤት ነው። በዚያ ዘመን የባሕር ኃይል መኮንንነት በዘመድና በወገን በሚገኝበት አገር፣ እርሱ በሥራው ብቻ ከተራ መርከበኛነት ተነሥቶ አዛዥ ሆነ። በረጅም ጉዞ መርከበኞችን ይፈጅ የነበረውን ስከርቪ የተባለ በሽታ በጥንቃቄ ተዋጋ፤ ትኩስ አትክልት ባገኘበት ሁሉ ያስለቅማል፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ያስበላል፣ የመርከቡን ውስጥ ያስጸዳል፣ ያደርቃል። ሦስት ዓመት በፈጀው ሁለተኛው ጉዞው በእርሱ መርከብ በሕመም የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ለዚህ ሥራው በ1776 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ትልቁን ሜዳልያ ሰጥቶታል።

ምሕረትም ያውቅ ነበር። በዲሴምበር 1773 በኒውዚላንድ፣ የአድቬንቸር መርከብ አሥር ሰዎች አትክልት ሊለቅሙ በጀልባ ወጥተው ከማኦሪዎች ጋር በተነሣ ጠብ ሁሉም ተገደሉ። ሊፈልጋቸው የተላከው ሌተና ጄምስ በርኒ ነበር፤ ያገኘውም የሬሳቸውን ቁርጥራጭ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1777፣ ኩክ ወደዚያው ስፍራ ተመለሰ። ግድያውን የመራው ካሁራ የተባለ አለቃ በገዛ እግሩ ወደ መርከቡ መጣ። ብዙ ሰዎች «ግደለው» ብለው ወተወቱት። ኩክ ግን ጉዳዩን መረመረ፤ ጠቡ ድንገት የተነሣ መሆኑን ተረዳ፤ ሰውየውን አልነካውም። እንዲያውም የጉዞው ሠዓሊ ጆን ዌበር ሥዕሉን ሣለው። ያኔ በርኒም ከመርከቦቹ በአንዱ ላይ ነበር። የጓደኞቹን ቅሪት በዓይኑ ያየ ሰው ምሕረቱን እንዴት እንደ ተቀበለው መገመት ይቻላል።

ይህን የምንተርከው በምክንያት ነው። ስለ መሪ ውድቀት ስንናገር ከመጀመሪያው ክፉ እንደ ነበረ አድርገን መናገር ይቀናናል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ ሌላ ነው። የሚወድቁት መልካም የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ለረዳቶቻቸው መናገር የሚከብደውም ስለዚሁ ነው። መልካምነቱን በዓይናችሁ ያያችሁትን ሰው መገሠጽ ቀላል አይደለም።

ስለ አንዲት ፍየል

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር መርከቦቹ ታሂቲ አጠገብ ባለችው በሞሬያ ደሴት ቆመው ሳለ፣ በየብስ ላይ ሣር ከሚግጡት እንስሶቻቸው አንዲት ፍየል ተሰረቀች። ኩክ የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቶች ተቃጠሉ፣ የሰዎቹ መተዳደሪያ የሆኑ ታንኳዎች ተሰባበሩ። በመጨረሻ ፍየሏ ተመለሰች። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ በሁዋሂኔ ደሴት የመለኪያ መሣሪያ የሰረቀ ሰው ጆሮው ተቆረጠ። በመርከቡ ላይም ግርፋቱ ከቀድሞዎቹ ጉዞዎች ይልቅ በዛ።

ካሁራን የማረው ሰው ምን ነካው? የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ብለዋል። ሕመም ነው የሚሉ አሉ፤ ምሕረቱ በመርከበኞቹ ዘንድ እንደ ድካም ስለ ተቆጠረበት ነው የሚሉም አሉ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ ሰውየው ደክሞት ነበር። ከሁለተኛው ጉዞ በጁላይ 1775 ተመልሶ፣ በግሪኒች በክብር የሚያርፍበት ሹመት ተሰጥቶት ሳለ፣ ልክ በዓመቱ እንደገና ወደ ባሕር ወጣ።

መኮንኖቹ ይህን ሁሉ አዩ። በባሕር ኃይሉ ልማድ እያንዳንዱ መኮንን የዕለት ማስታወሻ ይይዛል፤ ጉዞው ሲያበቃም ለባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤት ያስረክባል። ስለዚህ ምን እንዳሰቡ ዛሬ እናውቃለን። ሌተና ጄምስ ኪንግ በሞሬያ የተደረገውን ነገር በኀዘን ጻፈ። ጆርጅ ጊልበርት የተባለው ወጣት ዕጩ መኮንን ደግሞ፣ የካፒቴኑ አድራጎት በቀድሞ ጉዞዎቹ ካደረገው እጅግ የተለየ ስለ ሆነ ምክንያቱን ሊያስረዳ እንደማይችል በማስታወሻው አሰፈረ።

ልብ በሉ፤ ቅሬታው እውነተኛ ነው፣ ሚዛናዊ ነው፣ በመልካም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ነገር ግን የተጻፈው በደብተር ነው። ቤቶቹም ሁለት ቀን ሙሉ ነደዱ። መርከቦቹ ለንደን የደረሱት በኦክቶበር 1780 ነው፤ ካፒቴኑ ከሞተ 20 ወር በኋላ። ተግሣጹ ወደ አገር ቤት ሲገባ የሚጠቅመው ሰው በሕይወት አልነበረም።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ለእነዚያ መኮንኖች ምክንያት አናጣላቸውም። የባሕር ኃይሉ የጦር ሕግ አመፅን በሞት ይቀጣ ነበር። በውቅያኖስ መካከል ካፒቴኑ ዳኛም ገዥም ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ በአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። የአንድ ወጣት መኮንን ዕድገትም በካፒቴኑ ብዕር ላይ ተንጠልጥሏል። ዝም ቢሉ አይገርምም።

የእኛ ግን ይገርማል። ቤተ ክርስቲያን የጦር መርከብ አይደለችም። መጋቢዋ የማንንም አንገት አያስቀጣም። ሆኖም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን አሮጌ አባባል ከቤተ መንግሥት አምጥተን በጸሎት ቤታችን ሰቅለነዋል። ሽማግሌው በስብሰባ ራሱን ይነቀንቃል፤ ስብሰባው ሲያልቅ በመኪናው ውስጥ ለሚስቱ ያወራል። ዲያቆኑ የገንዘቡን አያያዝ ያያል፤ በስልክ ለጓደኛው ያማርራል። ዘማሪዋ በመድረክ የተነገረው ትንቢት ሐሰት መሆኑን ታውቃለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትዘምራለች። ደብተራችን በየኪሳችን ያለው ስልክ ሆኗል። የተጻፈው ብዙ ነው፤ ለሚመለከተው ሰው የተነገረው ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ዝምታ ጥቅስም አይጠፋም። በመዝሙር 105 እግዚአብሔር ስለ ቀባቸው ሰዎች የተናገረው ማስጠንቀቂያ አገልጋይን ከጥያቄ ለመከለል ይጠቀሳል። ምዕራፉን ግን ከፍ ብለን ከቁጥር 12 ጀምረን እናንብበው። እዚያ የተቀቡ የተባሉት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቁጥር ጥቂት የሆኑ፣ አገር የሌላቸው፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚንከራተቱ ስደተኞች። የሚገሠጹት ደግሞ ነገሥታት ናቸው። ቃሉ ኃይለኛውን ከደካማው ላይ እጁን እንዲሰበስብ ያዘዋል። እኛ ገልብጠን ደካማው ኃይለኛውን እንዳይጠይቅ መከልከያ አደረግነው።

ዳዊትና ሳኦልንም እንጥራ። በ1ኛ ሳሙኤል 24 እና 26 ዳዊት በእግዚአብሔር በተቀባው ንጉሥ ላይ እጁን አላነሣም። እጁን ከለከለ፤ አፉን ግን አልከለከለም። ከዋሻው ወጥቶ፣ በኋላም በተራራ ራስ ላይ ቆሞ፣ ሠራዊቱ እየሰማ ለሳኦል በደሉን በስሙ ጠርቶ ነገረው። ናታን ለዳዊት፣ ዮቶር ለሙሴ፣ ጳውሎስም በአንጾኪያ ለጴጥሮስ እንዲሁ አደረጉ። ሁሉም ፊት ለፊት ተናገሩ፤ ሁሉም የሚናገሩትን ሰው ይወዱት ነበር።

ከዝምታ በኋላ የሚመጣው

«እንግዲያው ዝም ማለት ሰላም አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። በሞሬያ ከኩክ መርከብ መኮንኖች አንዱ የነበረው ዊልያም ብላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነናል። ከዓመታት በኋላ ብላይ ራሱ ባውንቲ የተባለችው መርከብ አዛዥ ሆነ። ምላሱ ስለት ነበረው። በኤፕሪል 27 ቀን 1789 ከመርከቡ ወለል ላይ ኮኮናት ጠፋብኝ ብሎ መኮንኖቹን በሰው ፊት ሌቦች አላቸው። ከተሰደቡት አንዱ እርሱ ራሱ በሹመት ያሳደገው ፍሌቸር ክርስቲያን ነው። ክርስቲያን ስድቡን ዋጠ፤ አመሸ። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ግን መሣሪያ ይዞ ተነሣ። ብላይን ከ18 ሰዎች ጋር ሰባት ሜትር ገደማ በሆነች ጀልባ ላይ አውርዶ በባሕር ጣለው።

ብላይ 6,700 ኪሎ ሜትር ያህል ቀዝፎና በሸራ ተጉዞ በጁን 14 ቲሞር ደረሰ። ክርስቲያንና ስምንት ጓደኞቹ ደግሞ ከታሂቲ ሰዎች ጋር በፒትከርን ደሴት ተደበቁ። እዚያም ሰላም አላገኙም፤ እርስ በርስ ተላለቁ። በ1808 አንድ የአሜሪካ መርከብ ደሴቲቱን ስታገኝ ከዘጠኙ አመፀኞች በሕይወት የቀረው ጆን አዳምስ ብቻ ነበር፤ ከመርከቧ በተረፈች መጽሐፍ ቅዱስ ልጆቹን ሲያስተምር ተገኘ። ጸጋ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል። አመፁ ግን የበላው በልቷል።

አያችሁ፣ ዝምታና አመፅ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ወንድማማች ናቸው። ዛሬ የታፈነ ቃል ነገ በመንጋ ይወጣል። በየከተማው ቤተ ክርስቲያን ሲከፈል የምናየው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ጠብ አይደለም። አምስት ዓመት «እሺ፣ አሜን» ሲሉ የኖሩ ሰዎች በስድስተኛው ዓመት ወንበሩንም፣ ድምፅ ማጉያውንም፣ ሕዝቡንም ይዘው ይወጣሉ። በሁለተኛው ወር አንድ ሽማግሌ ቡና እየጠጣ ቢናገር ኖሮ የሚበርድ ነገር ነበር።

በውኃው ዳር

በጃንዋሪ 1779 መርከቦቹ በሐዋይ በኬአላኬኩዋ ወሽመጥ በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ከሄዱ በኋላ የሬዞሉሽን መርከብ የፊት ምሰሶ ስለ ተሰነጠቀ በ11ኛው ቀን ተመለሱ። የሁለተኛው አቀባበል ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም። በ13 ሌሊት የዲስከቨሪ ጀልባ ተሰረቀች። ኩክ በማለዳ ሌተና ሞልስዎርዝ ፊሊፕስንና ዘጠኝ ወታደሮችን ይዞ ወረደ፤ ሐሳቡ ንጉሡን ካላኒኦፑኡን ይዞ ጀልባዋ እስክትመለስ በመርከቡ ላይ ማቆየት ነበር። ይህን ዘዴ ከዚህ ቀደም በራያቴያ ደሴት ሠርቶበታል፤ ያኔ ኃላፊነት ወስዶ የተከለከለው አልነበረም። ጥፋት ሲሳካ ልማድ ይሆናል።

በዚህ ቀን አልተሳካም። ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ከወሽመጡ ማዶ አንድ አለቃ በጥይት መገደሉ ተሰማ፤ ድንጋይና ጥይት ተቀላቀለ። በፌብሩዋሪ 14 ኩክ በውኃው ዳር ወደቀ፤ ከእርሱ ጋር አራት ወታደሮች፣ ከሐዋይ ሰዎችም ብዙዎች ሞቱ። እነዚያም እናት ነበሯቸው፤ ንጉሣቸው ከመካከላቸው እንዳይወሰድ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ስለ እነርሱ ደብተር የያዘ ግን አልነበረም።

በዚያ ሰዓት ሁለት መኮንኖች ተለይተው ታዩ። ሌተና ጆን ዊልያምሰን ትልቁን ጀልባ ይዞ በቅርብ ነበር። ኩክ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ዊልያምሰን ወደ ዳር መቅዘፍ ሲገባው ወደ ባሕር ራቀ። «ራቁ ያለኝ መሰለኝ» ብሎ ተከራከረ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። በ1797 ግን በካምፐርዳውን የባሕር ጦርነት የመርከብ አዛዥ ሆኖ ወደ ውጊያው ባለመግባቱ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት፤ ዳግም እንዳያገለግልም ተከለከለ። ፊሊፕስ ግን ቆስሎ፣ ዋኝቶ ጀልባ ላይ ከወጣ በኋላ፣ አንድ የቆሰለ ወታደር ሲሰምጥ አይቶ እንደገና ውኃው ውስጥ ዘለለ፤ ሰውየውንም አዳነው።

እዚህ ላይ መሪን መገሠጽ የምንወድ ሰዎች ልንሰማው የሚገባ ነገር አለ። ዊልያምሰንም በማስታወሻው ኩክን በብርቱ ከተቹት አንዱ ነበር። ትችቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በጭንቅ ቀን ጀልባውን የሚያርቅ ተቺ ግን ለማንም አይጠቅምም። የመገሠጽ መብት ያለው የሚሸከም ሰው ነው።

ዋስ የሆነው ሰው

አሁን ወደ ወደድነው ሰው ደረስን። ቻርልስ ክላርክ በሦስቱም የኩክ ጉዞዎች አገልግሏል፤ በሦስተኛው የዲስከቨሪ አዛዥ ነበር። ቅዱስ አናደርገውም። ቀልደኛ፣ መጠጥ የሚወድ፣ ጨዋታ አዋቂ መርከበኛ ነበር። በራያቴያ የተያዙትም ሰዎች የቆዩት በእርሱ መርከብ ላይ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አደረገ፦ ለወንድሙ ዋስ ሆነ።

ወንድሙ ሰር ጆን ዕዳ ነበረበት፤ ወደ ምሥራቅም ሄደ። አበዳሪዎቹ ዋሱን ያዙ። ኩክ በጁላይ 1776 ሲነሣ ክላርክ በለንደን የባለዕዳዎች እስር ቤት ነበር። ወጥቶ በኦገስት 1 ቀን መልሕቁን አነሣ፤ በኖቬምበር ኬፕታውን ላይ ደረሰበት። ከእስር ቤቱ ይዞ የወጣው ግን ነፃነቱን ብቻ አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር ተብሎ ይታመናል። በርኒ እንደ ተረከው፣ ክላርክና እንደ እርሱ ሳንባውን የታመመው ሐኪሙ አንደርሰን በሞቃቶቹ ደሴቶች እንዲቀሩ ኩክን ለመለመን ተማክረው ነበር፤ ወደ ሰሜን በረዶ መሄድ ለእነርሱ ሞት ነውና። ክላርክ ግን የመርከቡ ሒሳብና ወረቀት አልተሟላም እያለ አዘገየው። ጊዜው አለፈ። አንደርሰን በ1778 ሞተ።

ኩክ በወደቀ ሰዓት የሁለቱም መርከቦች አዛዥነት በዚህ በሚያስል ሰው ላይ ወደቀ። መርከበኞቹ ደም ጠሙ። መድፉ ተዘጋጅቷል፤ መንደሩም ፊት ለፊት ነው። ክላርክ ምሰሶውን ማዳንን፣ የካፒቴኑን አስከሬን ማስመለስን፣ ጉዞውን መፈጸምን አስቀደመ እንጂ ሙሉ በቀልን አልፈቀደም። ሁሉንም መግታት አልቻለም፤ ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሰዎች ቤቶች አቃጠሉ፣ ሰዎችም ገደሉ። ይህን አንሸፍንለትም። ቢሆንም እርቅ ወረደ፤ የኩክ ቅሪት ተመለሰ፤ በፌብሩዋሪ 21 በባሕር ተቀበረ፤ በማግስቱ መርከቦቹ ሄዱ።

ከዚያ ወዴት ሄደ? ወደ አገሩ ቢመለስ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን የተሰጠው ትእዛዝ ስላልተፈጸመ እንደገና ወደ ሰሜን ዞረ። በጁላይ ከ70 ዲግሪ በላይ ወጥቶ በረዶው እስኪዘጋው ድረስ መንገድ ፈለገ። ሊሞት ቀናት ሲቀሩት ለወዳጁ ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ስለ መኮንኖቹም አደራ አለ። በኦገስት 22 ቀን 1779 በ38 ዓመቱ በመርከቡ ላይ አረፈ፤ በካምቻትካ ተቀበረ። ሐውልቱን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ የመጋቢ ሚስቶች፣ የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ ለእናንተ እንናገራለን።

አንደኛ፣ ጊዜ ሳያልፍ ተናገሩ። የመጀመሪያዋ ፍየል ላይ ያልተነገረ ቃል በመጨረሻው የባሕር ዳር አይደርስም። ሁለተኛ፣ ለብቻው ተናገሩ፤ ጌታ በማቴዎስ 18 ያስቀመጠው ቅደም ተከተል በእርሱና በአንተ መካከል ተብሎ ይጀምራል፤ በቴሌግራም ቡድን አይጀምርም። ሦስተኛ፣ ካልሰማ ምስክር ያዙ፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ሽማግሌን ከሐሰት ክስም ይጠብቃል፣ ኃጢአቱ ከተረጋገጠም ከመደበቅ ይከለክላል። በተለይ ልጆችና ደካሞች የተጎዱበት ነገር ከሆነ ለሕግ አካል ማሳወቅን እንደ ክህደት አትቁጠሩት። አራተኛ፣ ተሸከሙ። መሪያችሁ ደክሞት እንደ ሆነ ዕረፍት ስጡት። በ1ኛ ነገሥት 19 እግዚአብሔር ሞትን ለለመነው ለኤልያስ መጀመሪያ የሰጠው ስብከት ሳይሆን እንጀራ፣ ውኃና እንቅልፍ ነው። «ዘንድሮ ዕረፍ፤ እኛ እንሸፍናለን» የሚል ሽማግሌ ምናልባት ከመቶ ተግሣጽ በላይ ያድናል።

መጋቢዎችና መሪዎች የሆንን ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በዚህ ዓመት «ይህ ልክ አይደለም» ያለን ሰው ማን ነው? ማንም ከሌለ፣ ልክ ስለ ሆንን ይሆን? ወይስ በዙሪያችን ያሉት ሁሉ ደብተር ስለሚጽፉ?

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ሆናችሁ ይህን ለምታነብቡ፣ ምናልባትም በቤተ ክርስቲያን ዝምታ ተጎድታችሁ ለራቃችሁ፣ አንድ ቃል አለን። የጎዳችሁን ነገር አናሳንሰውም። የሰው መሪ ሁሉ ይደክማል፤ የሰው ረዳት ሁሉ ይፈራል። እኛ እንድትከተሉት የምንጋብዛችሁ ግን ሌላ ነው። ዕብራውያን 7 ጌታ ኢየሱስን የተሻለ ኪዳን ዋስ ይለዋል። ምሳሌ 6 ለሰው ዋስ መሆን ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ያስጠነቅቃል፤ ክላርክም በሕይወቱ አየው። ለወንድሙ ሲፈርም ግን ዕዳው ነፍሱን እንደሚያስከፍለው አላወቀም ነበር። ጌታችን እያወቀ ፈረመ። ዕዳው የእኛ፣ እስሩ የእርሱ፣ ሞቱም የእርሱ ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ።

ዕዳው የተከፈለለት ሰው የሚፈራው ነገር ያንሳል፤ ስሙን፣ ወንበሩን፣ የመሪውን ፊት አይፈራም። ስለዚህ ወገኖች፣ ደብተራችሁን ዝጉና ወንድማችሁን ለቡና ጥሩት። በፍቅር፣ በእውነት፣ በጊዜው ንገሩት። እርሱም ቢሰማ ወንድማችሁን አተረፋችሁ፣ መርከቡም ተረፈ።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።